የጎረቤት ውሮ ወይስ የመንገድ ውሮ? ድመት ልታሳድጉ ላሰባችሁ የጎጃም ልጆች

እህቴ አሜሪካ ነው ያለችው፣ ባለፈው ከእንስሳት መጠለያ የድመት ልጅ ወስዳ በቪዲዮ ኮል ስታሳየኝ በእውነት ቀናሁ። ፎርም ሞልታ ትንሽ ከፍላ ነው፣ ግን ውሮ ተከትባ፣ የትል መድሀኒት ወስዳ፣ እንዳትወልድ ተደርጋ፣ ትከሻዋ መሀል ቆዳዋ ስር ማይክሮቺፕ (መለያ ቁጥሯን የያዘ ትንሽዬ ነገር) ሳይቀር ገብቶላት ነው የተረከበቻት። እኔ ደሞ እዚህ ደብረ ማርቆስ አይጥ የጤፍ ጆንያዬን በስቶ በስቶ ሲጨርስብኝ ድመት ፈልጌ ያገኘሁት ወይ የጎረቤት ወይ የመንገድ ነው። ሁለቱንም በተለያየ ጊዜ አሳድጌያለሁ። ያው መጠለያው እዛ ሚሰራውን ስራ እዚህ እናንተው ናችሁ ምትሰሩት፣ ስለዚ ጥያቄው የትኛዋ ታደክማለች ነው።

የጎረቤቷን እንይ። ትልቁ ነገር እናትየዋን ታውቋታላችሁ። አይጥ አዳኝ ከሆነች ልጆቿን የያዘችውን እያመጣች ታለማምዳቸዋለች፣ የሰው እጅም ለምዳ ነው ምትመጣው፣ ዋጋዋም ቡና ሲጠሯችሁ መሄድ ነው በቃ። ችግሩ ጎረቤት መገላገል ስለሚፈልግ ገና በወሯ "ውሰዳት እንጀራ ጀምራለች" ይላችኋል። እንዳትሰሙ! ቢያንስ 8 ሳምንት እናቷ ጋ ትቆይ፣ ከወንድም እህቶቿ ጋር ስትጫወት ነው የንክሻን ልክ ምትማረው፣ ቶሎ የተለየች እጃችሁን ነው ምትጨርሰው። እድሜዋን ከተጠራጠራችሁ አይኗን እዩ፣ የሁሉም መጀመሪያ ሲገለጥ ሰማያዊ ነው፣ መቀየር ሚጀምረው ከ6 ሳምንት ወዲያ ነው። ፆታም ላይ ጎረቤት አትመኑ። እኔ ነጭ ጥቁር ብርቱካናማ የሆነች "ወንድ ነው" ተብዬ ተሰጥታኝ አልጋ ስር አራት ወለደች፣ ለካ ባለሶስት ቀለም ድመት ሁሌ ማለት ይቻላል ሴት ናት።

የመንገዷ ላይ መጀመሪያ ቦይ ውስጥ ስትጮህ ስላያችኋት ብቻ አታንሷት፣ እናቷ ምግብ ፍለጋ ሄዳ ሊሆን ይችላል፣ ራቅ ብላችሁ ጥቂት ሰአት ጠብቁ። ከ2 ወር በላይ ሆና ሰው ነክቷት ማታውቅ ከሆነ መልመዷ ከባድ ነው። ቁንጫ ደሞ አለ፣ ትንሽ ድመት ላይ ሲበዛ ደሟን መጦ ሊገድላት ይችላል፣ ግን እባካችሁ እቤት ያለውን የከብት የመዥገር መድሀኒት አትቀቧት፣ የውሻ ቁንጫ መድሀኒትም ቢሆን ድመት ሚገድል አለው። ጥርሱ ጥቅጥቅ ባለ ማበጠሪያ ነገር አበጥሯት፣ ሌላውን የእንስሳት ክሊኒክ ይንገራችሁ። ከነከሰቻችሁ ወይ ከቧጨረቻችሁ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና ውሀ እጠቡና ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይመጣል። ለሷ ክትባቱ በ3 ወሯ አካባቢ ይጀመራል።

ምግብ ላይ ሁለቱም እኩል ናቸው፣ እኛ ቤት ሚያስቸግረውም እሱ ነው። የወጥ ፍርፋሪ ሽንኩርት አለው፣ ሽንኩርት ለድመት መርዝ ነው። የላም ወተት ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል። ሁዳዴ ሲገባ ደሞ 55 ቀን ቤቱ ሽሮ በሽሮ ይሆናል፣ ድመት ግን ስጋ በል ፍጥረት ናት፣ ሽሮ አያኖራትም፣ አይጥ ትያዝ ብሎ መተውም ለትንሿ አይሰራም። እኔ እንቁላል ቀቅዬ እሰጣለሁ፣ ባህር ዳር ያላችሁ ደሞ አሳ አለላችሁ፣ ቀቅላችሁ እሾሁን ለቅማችሁ። (እናቴ "ድመቷም ትፁም" ትላለች፣ ተከራክረን አልተግባባንም።)

እኔ ብመርጥ የጎረቤቷን ነው፣ ሁለት ወር ሞልቷት። የመንገዷን ሚወስድ ጊዜ ያለውና ቤቱ ትንሽ ህፃን የሌለው ሰው ቢሆን ይሻላል። ብቻ የጎረቤቷን ስታመጡ በማዳበሪያ ከረጢት አንጠልጥላችሁ አትምጡ፣ ካርቶን በሳ በሳ አርጉና ክተቷት፣ የመጀመሪያውን ሳምንትም አንድ ክፍል ዘግታችሁ አስለምዷት፣ የኔዋ ሁለቴ አጥር ዘላ እናቷ ጋ ሄዳ ሁለቴም ቡና ጠጥቼ ነው ያመጣኋት።