«ሙሉ ዋየርለስ» እየተባለ የሚሸጠውን የጆይስቲክ አዳፕተር እንዳትገዙ

ባለፈው ወር 4,500 ብር ተበልቻለሁ። ሲያበሽቀኝ ሰንብቶ አሁን ወጥቶልኛል። ይህን የምጽፈው ያቺው ዕቃ አሁንም ከአንዱ የቴሌግራም ቻናል ወደ ሌላው እየዞረች ስለሆነ ነው። ትናንት የሥራ ባልደረባዬ ፎቶዋን ልኮ «ይህቺን ልግዛት ወይ?» አለኝ። አትግዛት። እናንተም አትግዟት።

ዕቃዋ ፍላሽ የምታህል የዩኤስቢ አዳፕተር ናት። የፕሌስቴሽን 5 ጆይስቲክን ኮምፒውተር ላይ «ሙሉ ዋየርለስ» ታደርጋለች ተብላ ነው የምትሸጠው። «ሙሉ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ።

ነገሩ የጀመረው በኬብል ነው። ፕሌስቴሽኑ የለኝም፤ ጆይስቲኩ ግን አለኝ፤ ዱዋልሴንስ የሚባለው። ወንድሜ ከዱባይ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። ላፕቶፑን ከቲቪው ጋር አያይዤ ማታ ማታ ሶፋ ላይ ሆኜ እጫወታለሁ። በኬብል ሲሰካ ልዩ ነገር ነው። ከኋላ ያሉት ሁለቱ ቃታዎች እንደ ጨዋታው ይከብዳሉ፣ ይላላሉ። ቀስት ስትስቡ ጣታችሁን ይታገሏችኋል። ዝናብ ሲዘንብ መዳፋችሁ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማችኋል። አንዴ ይህን የለመደ ሰው ወደ ድሮው ደረቅ «ድርርር» መመለስ አይሆንለትም።

ኬብሉ ግን ሳሎኑን አቋርጦ ነው የሚሄደው። አንድ ማታ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጄን ጠለፋት። እሷ ወደቀች፤ ላፕቶፑም ተንሸራቶ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቆመ። ባለቤቴ አንድም ቃል አልተናገረችም። ዝም ብላ አየችኝ። ገበያ ያስወጣኝ ያ ዝምታ ነው።

በርግጥ መጀመሪያ ብሉቱዝ ሞክሬ ነበር። ማገናኘቱ ቀላል ነው፤ ክሪኤት የምትባለዋን ትንሽ ቁልፍና የፒኤስ ቁልፉን አንድ ላይ ተጭናችሁ መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም እስኪል መያዝ ነው። ተገናኘ፤ ጨዋታውም ሠራ። ግን ቃታዎቹ ላሉ፤ የዝናቡ ጠብታ ጠፋ። ጆሮ ማዳመጫ ብሰካበት ጭጭ።

በዚህ መሀል ነው ማስታወቂያዋን ያየሁት። ደወልኩ።

«ብሮ፣ ይሄ ሙሉ ዋየርለስ ነው። ከኬብል ምንም ልዩነት የለውም» አለኝ ልጁ።

«ቃታው ይከብዳል? ንዝረቱስ?»

«ሁሉም! ሶኒ ራሱ ያወጣው ነው እኮ።»

«ጋራንቲ አለው?»

«እኔ አለሁልህ።»

ይሄን የመሰለ ጋራንቲ ሰምቼ አላውቅም። ቢሆንም ሞተረኛው በር ላይ ሲደርስ በቴሌብር ከፈልኩ፤ ካርቶኑን የከፈትኩት እሱ ከሄደ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ጥፋቴ ይሄ ነው።

ሰካኋት፤ ጆይስቲኩ ወዲያው ተገናኘ፤ ደስ አለኝ። ጨዋታውን ስከፍት ግን ስክሪኑ ላይ ያሉት የቁልፍ ምልክቶች ተቀይረዋል። መስቀልና ክብ የነበሩት ኤ እና ቢ ሆነዋል። ጠረጠርኩ። የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን ተጭኜ «ጆይ ዶት ሲፒኤል» (joy.cpl) ብዬ ጻፍኩ። የተሰኩ ጆይስቲኮችን ስም የሚዘረዝር ትንሽ መስኮት ተከፈተ። ስሙን ሳነበው «ኤክስቦክስ 360 ፎር ዊንዶውስ» ይላል።

አዳፕተሯ የምትሠራው ይህን ብቻ ነው። የጆይስቲኩን ብሉቱዝ ትቀበልና ለኮምፒውተሩ «እኔ የኤክስቦክስ 360 ጆይስቲክ ነኝ» ትለዋለች። ኤክስቦክስ 360 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ኮንሶል ነው። የሚከብድ ቃታ የለው፣ የሚነካ ፓድ የለው፣ እንቅስቃሴ የሚለካ ጋይሮ የለው። ያሉት ቁልፎችና ሁለት ደረቅ የንዝረት ሞተሮች ናቸው። ኮምፒውተሩ በዚህ ስም ካወቀው፣ ጨዋታው የቃታውን ትዕዛዝ ለማን ይላክ? በባዶ ብሉቱዝ እያለሁ ቢያንስ ጋይሮውና ፓዱ ይሠሩልኝ ነበር። 4,500 ብር ከፍዬ ያለኝን ቀነስኩ።

እንዲህ ያሉ አዳፕተሮች በራሳቸው ሌቦች አይደሉም። ብሉቱዝ የሌለው ኮምፒውተር ላለው ወይም የቆየ ጨዋታ ለሚጫወት ሰው ይጠቅማሉ። «ሙሉ» ብሎ መሸጥ ነው ሌብነቱ።

ለመሆኑ በገመድ አልባ ለምን አይሆንም? ዱዋልሴንስ በኬብል ሲሰካ ዊንዶውስ የሚያየው አንድ ዕቃ አይደለም፤ ሁለት ነው። አንዱ ጆይስቲኩ ነው። ሌላው የድምፅ ካርድ ነው፤ ያውም ባለአራት ቻናል። ሁለቱ ቻናሎች የስፒከሩና የጆሮ ማዳመጫው ናቸው። የቀሩት ሁለቱ የግራና የቀኝ መዳፍ ንዝረት ናቸው። መዳፌ ላይ የሚሰማኝ ያ የዝናብ ጠብታ በድምፅ መልክ የሚመጣ ነው ማለት ነው፤ ጨዋታው እንደ ሙዚቃ ይልከዋል፣ መያዣው ውስጥ ያሉት ሁለት አንቀጥቃጮች እንደ ስፒከር ያጫውቱታል። በብሉቱዝ ስትገናኙ ዊንዶውስ ጆይስቲኩን ያያል፤ የድምፅ ካርዱን አያይም። ማይኩም፣ ማዳመጫውም፣ ያ ረቂቅ ንዝረትም አብረው ይቀራሉ። ፕሌስቴሽን 5 ላይ በገመድ አልባ የሚሠራው ኮንሶሉም ጆይስቲኩም የአንድ ቤት ልጆች ስለሆኑ ነው፤ የሚግባቡበት የራሳቸው ቋንቋ አላቸው።

ጨዋታ አውጪዎቹም አልደበቁትም። እ.ኤ.አ. በ2022 ስፓይደርማን ሪማስተርድ ለፒሲ ሲወጣ፣ የቃታውና የንዝረቱ ነገር የሚሠራው በዩኤስቢ ኬብል ሲገናኝ እንደሆነ መግለጫው ላይ ተጽፏል። አንብቤው ቢሆን ኖሮ ብሬ ኪሴ ውስጥ ነበር።

«ሶኒ ራሱ ያወጣው ነው» ያለኝ ነገር ደግሞ ግማሽ እውነት አለው፤ ግማሽ እውነት ነው የሚያስቸግረው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2016 ለኮምፒውተር የሚሆን የዩኤስቢ አዳፕተር አውጥቶ ነበር፤ የጆሮ ማዳመጫ ድምፅ ሳይቀር በገመድ አልባ ያሳልፍ ነበር። ግን ለዱዋልሾክ 4 ነው፤ ለፕሌስቴሽን 4 ጆይስቲክ። ዱዋልሴንስን አይቀበልም። ስለዚህ እውነተኛዋን የሶኒ አዳፕተር እንኳን ብታገኙ ለፕሌስቴሽን 5 ጆይስቲክ አትሆናችሁም።

ለልጁ መልሼ ደወልኩለት። መጀመሪያ «ድራይቨር ጫንበት» አለኝ። ቀጥሎ «ዊንዶውስህ ነው ችግሩ፣ ፎርማት አስደርገው» አለኝ። ለአንዲት አዳፕተር ብዬ ላፕቶፔን ፎርማት! በሦስተኛው ቀን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ጻፈልኝና ብሎክ አደረገኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። መብቱን ይዤ የት እሄዳለሁ? ደረሰኝ የለኝ፤ የሱቁን አድራሻ አላውቅ። እጄ ላይ ያለው የቴሌብር መልእክትና የተዘጋ ቻት ነው።

እንግዲህ መግዛታችሁ ካልቀረ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሱቁ ድረስ ሂዱ። በዴሊቨሪ አይሁን። ሻጩ ፊት ሰክታችሁ ያንን የ«ጆይ ዶት ሲፒኤል» የስም ዝርዝር ክፈቱ። ኤክስቦክስ 360 ካለ ጨዋታው አለቀ፤ አመስግናችሁ ውጡ። ከዚያ የዊንዶውስን የድምፅ ማስተካከያ እዩ። በኬብል ሲሰካ የጆይስቲኩ ስም ከስፒከሮቹ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። በአዳፕተሩ ካልገባ «ሙሉ» የሚባል ነገር የለም። ይህን ለማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሁለት ደቂቃ የማይሰጣችሁ ሻጭ ደግሞ ራሱን አጋልጧል።

በነገራችን ላይ ኬብሉን ስትሰኩ የላፕቶፑ ድምፅ ድንገት ቢጠፋ አትደንግጡ። ዊንዶውስ ጆይስቲኩን ዋና ስፒከር አድርጎት ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን ግማሽ ሰዓት ቲቪውን ስነቅል ስሰካ ቆየሁ። ለካ ድምፁ እጄ ውስጥ ሆኖ ሲያንሾካሹክ ነበር።

ሌላው ወጥመድ ተራ የብሉቱዝ ዶንግል ነው፤ ብሉቱዝ ለሌለው ኮምፒውተር የሚሰካው ትንሿ ዕቃ። ካርቶኑ ላይ የብሉቱዙ ስሪት 5.0 ወይም 5.3 ተብሎ ይጻፋል፤ ውስጡ ግን የቆየ 4.0 ሊሆን ይችላል። የዊንዶውስ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ብሉቱዙን ከፍታችሁ አድቫንስድ የሚለው ላይ ኤልኤምፒ የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። 6 ካለ 4.0 ነው፤ 9 ካለ 5.0፤ 12 ካለ 5.3። ካርቶን ይዋሻል፤ ይህ ቁጥር ግን ሻጩን ብዙ ጊዜ ያጋልጠዋል። አዲስ ቢሆንም የጎደሉትን ነገሮች አያመጣም፤ ግንኙነቱ እንዳይቆራረጥ ነው የሚረዳው። ዩኤስቢ 3 ላይ አትሰኩት፤ ያ መሰኪያ ራሱ 2.4 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ስለሚረብሽ ጆይስቲኩ ሊዘገይ ይችላል።

ኮፒ ጆይስቲክም ሞልቷል። የጎረቤቴ ልጅ አንዱን ገዝቶ አመጣልኝ። ሲታይ ቁርጥ ኦርጅናሉን ነው። ኦርጅናሉን ግን ወደ መብራት አስጠግታችሁ ብታዩት የመያዣው ቆዳ ሻካራ የሆነው በጥቃቅን የፕሌስቴሽን ምልክቶች ነው፤ ሦስት ማዕዘን፣ ክብ፣ መስቀል፣ ካሬ፣ በሺህ የሚቆጠሩ። የእሱ ተራ ነጠብጣብ ነበር። ሶኒ ለዊንዶውስ ያወጣውን ፕሌስቴሽን አክሰሰሪስ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ከፍተን በኬብል ሰካነው፤ ጭራሽ አላየውም። ልጁ ፊቱ ሲለወጥ ማየት ነበረባችሁ። ከክረምት ሥራ ያጠራቀመው ብር ነበር።

ያለ ኬብል የሚገኘው ነገር ባዶ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ስቲም፣ የኮምፒውተር ጨዋታ የሚሸጥበትና የሚከፈትበት ፕሮግራም፣ በባዶ ብሉቱዝ ቁልፎቹንም፣ ጋይሮውንም፣ ፓዱንም፣ ተራውን ንዝረትም ያሠራል። ለኳስ ጨዋታ ይህ ከበቂ በላይ ነው። የቃታው መክበድ ድምፅ ሳይሆን ትዕዛዝ ብቻ ስለሆነ ዲኤስኤክስ የሚባል ፕሮግራም በብሉቱዝም ሊልከው ይችላል። ስቲም ላይ በገንዘብ ይሸጣል፤ ዋጋው እኔ ለአዳፕተሯ ካወጣሁት አይደርስም። በገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ ድምፅ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ደግሞ የኤክስቦክስ ጆይስቲክ ከማይክሮሶፍት የራሱ የዊንዶውስ አዳፕተር ጋር ያንን ይሠራል። ቃታው ግን እንደ ዱዋልሴንስ አይታገልም።

እኔ መጨረሻ ላይ የሦስት ሜትር ዩኤስቢ ኬብል ገዛሁ። ስትገዙ ዳታ እንደሚያሳልፍ ጠይቁ፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ሞልቷል። በግድግዳው ሥር አዙሬ ምንጣፉ ሥር ቀበርኩት፤ ሶፋው እግር አጠገብ ብቅ ይላል። ልጄ ጫፉን እንዳታገኘው ስጨርስ ጠቅልዬ ትራስ ሥር እደብቀዋለሁ። ትናንት ማታ አገኘችው።