የሰደድ እሳት ዝግጅት በወረርሽኝ ጊዜ፦ በዘመቻ ወይስ በየግል?

በወረርሽኝ ወቅት ሰፈርን ለሰደድ እሳት ለማዘጋጀት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ጎረቤት ተጠራርቶ በአንድ ቀን ዘመቻ መውጣት ነው። ሌላው ሁሉም በየደጁ፣ በሚመቸው ሰዓት መሥራት ነው።

እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ብዙ ቤት የሚቃጠለው ነፋስ ተሸክሞ በሚያመጣው ፍም ነው፤ ዋናው ነበልባል ገና ሳይደርስ። ፍሙ አሸንዳ ውስጥ የተከማቸ ደረቅ ቅጠል ላይ ያርፋል። ቀስ ብሎ ይጤሳል፣ ከዚያ ጣሪያው ይያያዛል። ያንን ቅጠል ለመጥረግ መሰላልና ጓንት ይበቃል። ከግድግዳው እስከ 1.5 ሜትር ድረስ የሚነድ ነገር አለማስቀመጥም የአንድ ቤተሰብ ሥራ ነው። ማንንም ለበሽታ አያጋልጥም።

ዘመቻው ግን የሚበልጥበት ቦታ አለ። በሁለት ግቢ መካከል ያለ ቁጥቋጦ ባለቤት የለውም፤ ስለዚህ ማንም አይነካውም። ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንትንም መሰላል ላይ ውጡ ማለት አይቻልም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሁለት ሦስት ሰው በቂ ነው፤ 2 ሜትር ተራርቆ፣ መጋዝና መጥረቢያ ሳይዋዋስ። ንግግሩን በስልክ መጨረስ ይቻላል።

ስለ ማስክ አንድ ነገር ልበል። የጨርቁ ለቫይረሱ ይረዳል እንጂ የጭሱን ደቃቅ ብናኝ ብዙም አያስቀርም። ለጭስ ኤን95 የሚባለው፣ ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ ማስክ ነው የሚያስፈልገው።