ራቢትኤምኪው እና ሰባቱ ትምህርቶቹ፦ ጀማሪን የት ድረስ ያደርሳሉ?

ትዕዛዝ የሚቀበል፣ ክፍያ የሚያረጋግጥ፣ ከመጋዘን ዕቃ የሚቀንስና ለደንበኛው ኤስኤምኤስ የሚልክ ሥርዓት በተለያዩ ሰርቨሮች ላይ መሥራት የሚፈልግ ፕሮግራመር የመልእክት ወረፋን (አንዱ ፕሮግራም ለሌላው የሚልከው መልእክት ተራውን የሚጠብቅበትን መስመር) ከየት ልጀምር ቢል፣ መልሳችን ራቢትኤምኪው ነው። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፣ ተራ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፣ ድረ ገጹ ላይ ያሉት ሰባት ትምህርቶችም አጭርና ጥርት ያሉ ናቸው። ነገር ግን ሰባቱን ጨርሶ የቢዝነስ ሶፍትዌር ልጽፍ ነው የሚል ሰው፣ ገንዘብ የሚጠፋበትን ክፍል ገና አልነካውም።

ራቢትኤምኪው በ2007 የወጣ፣ በኧርላንግ ቋንቋ የተጻፈ ብሮከር፣ ማለትም መልእክትን ከላኪ ተረክቦ ለተቀባይ የሚያደርስ አገናኝ ነው። በዋናነት የሚታወቀው ኤኤምኪውፒ 0-9-1 በተባለው ፕሮቶኮል ነው። ፈቃዱ ሞዚላ ፐብሊክ ላይሰንስ 2.0 ስለሆነ ለንግድ ሥራም አይከፈልበትም። ባለቤቱ ቪኤምዌር በ2023 በብሮድኮም ሲገዛ ራቢትኤምኪውም አብሮ ተዛውሯል። የሚከፈልበት ስሪትም አለ፤ ለሚማር ሰው ግን ነፃው ከበቂ በላይ ነው።

ለመጫን ቀላሉ መንገድ ዶከር ነው፤ ይህ ሶፍትዌርን ኢሜጅ ከሚባል ዝግጁ ጥቅል አንስቶ ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ የሚያሠራ መሣሪያ ነው። ስሙ ላይ «ማኔጅመንት» የሚል ቅጥያ ያለውን ኢሜጅ አውርዱ፤ ያለ እሱ በብራውዘር የሚታየው መቆጣጠሪያ ገጽ አይገኝም። ሁለት ፖርቶች ክፈቱ፦ 5672 ለፕሮግራሙ፣ 15672 ለመቆጣጠሪያ ገጹ። ኢሜጁ አንዴ ከወረደ ትምህርቱን ያለ ኢንተርኔት መከታተል ይቻላል፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ለሚማር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያሳስት ወጥመድ አለ። በድረ ገጹ ላይ የተሰጠው የዶከር ትዕዛዝ ኮንቴይነሩ ሲቆም እንዲሰረዝ ያደርጋል። መልእክቱን በዲስክ እንዲቀመጥ አድርጋችሁ ላካችሁ፣ ኮንቴይነሩን አቆማችሁ፣ እንደገና አስነሳችሁ፣ ወረፋው ባዶ ነው። ጥፋቱ የብሮከሩ አይደለም። ቮልዩም የሚባለውን ቋሚ የዳታ ማስቀመጫ አገናኙለት፤ የሆስት ስምም ቋሚ አድርጉለት። ራቢትኤምኪው ዳታውን የሚያስቀምጠው በኖዱ (እየሠራ ባለው የብሮከሩ ቅጂ) ስም በተሰየመ ፎልደር ውስጥ ሲሆን የኖዱ ስም ደግሞ የሆስት ስሙን ይይዛል። ዶከር በየጊዜው አዲስ የሆስት ስም ከሰጠው፣ ቮልዩሙ ቢኖርም አሮጌውን ዳታ አያገኘውም።

ወደ ትምህርቶቹ ስንመጣ፣ የመጀመሪያው «ሄሎ ወርልድ» የሚል ሠላምታ የሚለዋወጡ አንድ ላኪና አንድ ተቀባይ ያስተዋውቃል። ተቀባዩ መልእክቱን ማስተናገዱን ለብሮከሩ የሚያሳውቅበት ምልክት አክ ይባላል። እዚህ ግን የሚጠቀመው አውቶ አክ ነው፤ ማለትም ብሮከሩ መልእክቱን እንደሰጠ ከወረፋው ያወጣዋል። ለሠላምታ ምንም አይደል። ይህን ኮድ ገልብጦ ለክፍያ ማዋል ግን አደገኛ ነው፤ ተቀባዩ በመሃል ቢሞት የክፍያው መልእክት አብሮት ይሞታል።

ከሰባቱ ምርጡ ሁለተኛው ነው። ሥራው ነጥቦችን በመቁጠር ይመሰላል፤ እያንዳንዱ ነጥብ የአንድ ሰከንድ ሥራ ነው። በሁለት ተርሚናል ሁለት ሠራተኛ ፕሮግራሞችን ክፈቱ፣ አሥር ነጥብ ያለው መልእክት ላኩ፣ የተቀበለውን ፕሮግራም ሥራው ሳያልቅ ግደሉት። መልእክቱ ወዲያው ለሌላኛው ይሰጣል። ይህን ስታደርጉ መቆጣጠሪያ ገጹን ክፍት አድርጉና «ሬዲ» (ለመሰጠት የሚጠብቁ) እና «አንአክድ» (ተሰጥተው አክ ያልተላከላቸው) የሚሉትን ሁለት ዓምዶች ተመልከቱ። ቀጥላችሁ አክ የሚልከውን መስመር አጥፉና እንደገና ሞክሩ፤ «አንአክድ» እየጨመረ ይሄዳል እንጂ አይወርድም። የእውነተኛ ሥርዓት ችግር ሲፈለግ መጀመሪያ የሚታየው ይኸው ቁጥር ስለሆነ ዓይን እንዲለምደው ያስፈልጋል።

በዚያው ክፍል ሦስት ነገሮች ሳይነጣጠሉ መያዝ አለባቸው። ወረፋው ዱራብል (ብሮከሩ ቢቆምም የማይጠፋ) መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ መልእክቱም ፐርሲስተንት (በዲስክ የሚቀመጥ) ተብሎ ካልተላከ ብሮከሩ ቆሞ ሲነሳ ወረፋው ይኖራል፣ መልእክቱ አይኖርም። አስቀድሞ የተፈጠረን ወረፋ በሌላ ባሕርይ ደግሞ ማወጅ 406 የሚል ስህተት ያመጣና ቻነሉን (በግንኙነቱ ውስጥ ያለውን የመልእክት መተላለፊያ) ይዘጋዋል፤ በልምምድ ላይ ወረፋውን ሰርዞ እንደገና መፍጠር ይሻላል። ፕሪፌች (አንድ ተቀባይ አክ ሳይልክ በአንድ ጊዜ የሚይዘው የመልእክት ብዛት) ካልተወሰነ ደግሞ ብሮከሩ ያለውን ሁሉ ቀድሞ ለተገናኘው ተቀባይ ያሸክመዋል፤ አንዱ ሲጨናነቅ ሌላው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ለከባድ ሥራ 1፣ ለቀላልና ፈጣን ሥራ ደግሞ ከ20 እስከ 50 ባለው ጀምሮ እየለኩ ማስተካከል ጥሩ መነሻ ነው።

ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ያሉት ስለ ኤክስቼንጅ ናቸው። ላኪው ለኤክስቼንጅ ይልካል፣ ኤክስቼንጁ ደግሞ ወደ ወረፋዎች ያከፋፍላል፤ አስረጁ ጥሩ ነው። ምሳሌዎቹ ግን የሎግ መልእክትና የብርቱካናማ ጥንቸል ናቸው። በእነሱ ፋንታ «ትዕዛዝ.አዲስ»፣ «ትዕዛዝ.ተሰርዟል»፣ «ክፍያ.ተፈጽሟል» የሚሉ ቁልፎችን ተጠቅማችሁ ጻፉት፤ የቁልፉን ክፍሎች እያየ የሚያከፋፍለው የቶፒክ ኤክስቼንጅ ጥቅም ያኔ ነው ፍንትው ብሎ የሚታየው። ትምህርቱ ጠበቅ ሊያደርገው ይገባው የነበረ ነገርም አለ፦ ከኤክስቼንጁ ጋር የታሰረ ወረፋ ከሌለ መልእክቱ ያለ አንዳች ስህተት ይጠፋል። የኤስኤምኤስ ክፍሉ ሳይነሳ የትዕዛዝ ክፍሉ ሥራ ከጀመረ፣ በመካከል የተላኩት መልእክቶች የትም የሉም። ስለዚህ ወረፋዎችን ማሰር ከላኪው አስቀድሞ የሚፈጸም የተከላ ሥራ ይሁን፤ በላኪውም በኩል፣ ወረፋ ያላገኘ መልእክት ለላኪው እንዲመለስ የሚያደርገውን ማንዳቶሪ የሚለውን ምልክት አብሩ።

ስድስተኛው በወረፋ በኩል ጥያቄና መልስ መለዋወጥን ያሳያል። ለዕውቀት ያህል እለፉበት። መልስ እስኪመጣ ቆሞ የሚጠብቅ ሥራ ከሆነ ኤችቲቲፒ ይቀላል። ሰባተኛው፣ ብሮከሩ መልእክቱን መረከቡን ለላኪው የሚያረጋግጥበት፣ በሁሉም የፕሮግራም ቋንቋ አለመዘጋጀቱ ትልቅ ጉድለት ነው፤ በእኛ እምነት ቦታው ሁለተኛው አጠገብ ነበር። በፓይተን፣ ፒካ በተባለው የራቢትኤምኪው ላይብረሪ ለሚሠራ ቻነሉ ላይ ማረጋገጫውን ማብራት የአንድ መስመር ሥራ ነው።

አሁን ትምህርቶቹ ወዳልደረሱበት። ደንበኛው አዘዘ፤ ፕሮግራሙ ትዕዛዙን ዳታቤዝ ላይ ጻፈ፣ ቀጥሎ ለብሮከሩ መልእክት ሊልክ ሲል መብራት ጠፋ። ትዕዛዙ አለ፣ መጋዘኑ ግን አልሰማም። ቅደም ተከተሉን ብትገለብጡት ደግሞ መጋዘኑ የሌለ ትዕዛዝ ያዘጋጃል። ዳታቤዙና ብሮከሩ አንድ ትራንዛክሽን (ሁሉም አብሮ የሚጸናበት ወይም አብሮ የሚሰረዝበት የሥራ ጥቅል) ስለማይጋሩ ኮዱን በማሰማመር ብቻ የሚፈታ አይደለም። መፍትሔው አውትቦክስ የሚባለው አሠራር ነው፦ በዚያው ዳታቤዝ ውስጥ የመልእክት መለያ፣ ዓይነት፣ ይዘት፣ የተፈጠረበት ሰዓትና የተላከበት ሰዓት ያለው ሰንጠረዥ ይኑር። ትዕዛዙና መልእክቱ በአንድ ትራንዛክሽን ይጻፋሉ። ሌላ ትንሽ ፕሮግራም የተላከበት ሰዓታቸው ባዶ የሆኑትን በተራ እያነሳ ይልካል፣ ብሮከሩ መረከቡን ሲያረጋግጥለት ብቻ ሰዓቱን ይሞላል።

ይህ ፕሮግራም ማረጋገጫው ከደረሰው በኋላ ሰዓቱን ሳይሞላ ቢወድቅ መልእክቱ ሁለቴ ይላካል። ስለዚህ ተቀባዩ ያው መልእክት ሁለቴ ቢመጣ ዕቃውን ሁለቴ እንዳይቀንስ ሆኖ መጻፍ አለበት። የተፈጸሙ መልእክቶችን መለያ የሚይዝ፣ መደጋገምን የሚከለክል ሰንጠረዥ አዘጋጁ፤ መለያውን ማስገባትና ዕቃውን መቀነስ በአንድ ትራንዛክሽን ይሁኑ፤ ትራንዛክሽኑ ከጸና በኋላ ብቻ አክ ላኩ። መለያው ቀድሞ ካለ ሥራውን ትታችሁ አክ ብቻ ላኩ። አክ ከትራንዛክሽኑ ቀድሞ የተላከበት ኮድ ለወራት ያለ ችግር ሊሠራ ይችላል፤ የሚጋለጠው ዳታቤዙ የወደቀ ቀን ነው።

ሌላው ሊፈጸም የማይችል መልእክት ነው። የስልክ ቁጥሩ የተበላሸ ትዕዛዝ መጣ እንበል፤ ተቀባዩ አልቻልኩም ብሎ ወደ ወረፋው ይመልሰዋል፣ ብሮከሩም ወዲያው መልሶ ይሰጠዋል፣ እንዲህ ሲመላለስ ሲፒዩው ይጨናነቃል። ከራቢትኤምኪው 4.0 ጀምሮ ኮረም ወረፋ (በብዙ ኖዶች ላይ ቅጂ የሚይዘው የወረፋ ዓይነት) በነባሪ 20 ጊዜ ተመላልሶ ያልተሳካን መልእክት ያነሳዋል፤ ያልተፈጸሙ መልእክቶችን ወደ ሌላ ወረፋ የሚያሳልፍ ዴድ ሌተር ኤክስቼንጅ ካልተበጀለት ግን ማንሳት ማለት መጣል ነው። የማይስተካከለውን በቀጥታ ወደ ዴድ ሌተር ወረፋ አስገቡ። ለጊዜው ያልተሳካውን፣ ለምሳሌ የክፍያ ድርጅቱ ሰርቨር መልስ ባለመስጠቱ የቀረውን፣ ተቀባይ በሌለው የማቆያ ወረፋ ውስጥ አስቀምጡት፤ ዕድሜው ሲያልቅ በማቆያው ዴድ ሌተር ኤክስቼንጅ በኩል ወደ ዋናው ወረፋ ይመለሳል። የ10 ሰከንድ፣ የ1 ደቂቃና የ10 ደቂቃ ማቆያዎች ለየብቻ ይሁኑ። የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን መልእክቶች አንድ ክላሲክ (በአንድ ኖድ ላይ የሚቀመጥ ተራ) ወረፋ ውስጥ ብትቀላቅሉ፣ ጊዜው ያለፈ መልእክት የሚወጣው ከፊት ሲደርስ ስለሆነ የ10 ደቂቃው የ10 ሰከንዱን ከኋላው ያግተዋል።

በፒካ ለሚማሩ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቀላሉን የግንኙነት ዓይነት ይዞ፣ በተቀባዩ ፈንክሽን ውስጥ ብዙ ደቂቃ የሚፈጅ ሪፖርት የሚያዘጋጅ ፕሮግራም በሕይወት መኖሩን ለብሮከሩ የሚያሳውቅበትን የልብ ምት ምልክት መላክ አይችልም። ነባሪው 60 ሰከንድ ነው፤ ብሮከሩ ፕሮግራሙ ሞቷል ብሎ ግንኙነቱን ይዘጋል፣ መልእክቱ ለሌላ ይሰጣል፣ ሪፖርቱ ሁለቴ ይሠራል። የልብ ምቱን ከማጥፋት ሥራውን ለሌላ ትሬድ (በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን ለሚሄድ የሥራ መስመር) መስጠት ይበጃል፤ አክ ግን የሚላከው ግንኙነቱን በያዘው ትሬድ በኩል ነው።

ቪዲዮ ፍለጋ ስትወጡ ደግሞ ቀኑን እዩ። የክላሲክ ወረፋን በብዙ ኖዶች ላይ ማንጸባረቅን የሚያስተምሩ የቆዩ ትምህርቶች ብዙ ናቸው፤ ያ አሠራር በ2024 በወጣው 4.0 ሙሉ በሙሉ ተወግዷል። ዛሬ ቦታውን የያዘው በ3.8 የመጣው ኮረም ወረፋ ነው፤ በሦስት ኖዶች ላይ ሲቀመጥ አንዱ ቢወድቅ ሥራው ይቀጥላል።

ሌላው የታወቀ የመልእክት ሥርዓት፣ ካፍካስ? የመልእክትን ታሪክ ከመጀመሪያው ደግሞ ማንበብ፣ ከፍተኛ የዳታ ፍሰት ማስተናገድ ለሚፈልግ ከራቢትኤምኪው ይመረጣል። ለመጀመሪያ ትምህርት ግን ፓርቲሽንና ኦፍሴት (የመልእክት መዝገቡ ክፍልፋዮችና በውስጣቸው ያለ የቦታ ቁጥር) ቀድመው ስለሚመጡ፣ የአንድን መልእክት ዕጣ ነጥሎ መከታተል ይከብዳል። የአማዞን የወረፋ አገልግሎት የሆነው ኤስኪውኤስ፣ ሰርቨር ከማስተዳደር ይገላግላል፤ አካውንት ለመክፈት ግን ዓለም አቀፍ ካርድ ይጠይቃል፣ ይህም አገር ቤት ላለ ተማሪ በሩ ላይ የሚቆም እንቅፋት ነው።