የተነባበረ ጄሊ በሁለት ዓይነት ዱቄት

ለልጄ አምስተኛ ዓመት ልደት ቀይ፣ ነጭ፣ ብርቱካንማና አረንጓዴ ቀለሞች የተነባበሩበት ጄሊ ለመሥራት አስቤ፣ አዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ ሱፐርማርኬት ሁለት ዓይነት የጄሊ ዱቄት ገዛሁ። አንደኛው በጄላቲን የሚረጋ ሲሆን ሌላው የሚረጋው ከባሕር አረም በሚወጣ ነገር ነው። ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ስለሚወጣ ለጾም አይሆንም፤ ሃላል መሆኑም ከማሸጊያው ላይ መታየት ይኖርበታል። ልደቱ የዋለው ረቡዕ በመሆኑ፣ ልጆቹ ባይጾሙም ይዘዋቸው የሚመጡት እናቶች ዝም ብለው እንዲያዩ አልፈለግሁም።

በጣዕምና በልስላሴ የጄላቲኑ ይበልጣል፤ በአፍ ሙቀት ስለሚቀልጥ እምብዛም ማኘክ አይፈልግም። ችግሩ ማሸጊያው ላይ ያለው መመሪያ የተጻፈው በአንድ ሳህን ለሚረጋ ጄሊ እንጂ ለተነባበረ አለመሆኑ ነው። በታዘዘው ልክ 500 ሚሊ ሊትር ውሃ ስጨምር የታችኛው ንብርብር የላዩን መሸከም አቅቶት ወደ ጎን ተንሸራተተ፤ ውሃውን ወደ 400 ስቀንሰው ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። ቀጣዩ ቀለም መጨመር ያለበት የታችኛው ረግቶ፣ ሲነኩት ግን ጣት ላይ ገና በትንሹ ሲይዝ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሲቆረጥ ንብርብሮቹ ይላቀቃሉ፣ የሚጨመረው ትኩስ ከሆነ ደግሞ የታችኛው ይቀልጥና ቀዩ ከአረንጓዴው ጋር ተደባልቆ የአተላ መልክ ይይዛል። ለብ እስኪል ጠብቄ በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ እያልኩ ሳፈስ ተስተካከለ። ትኩስ አናናስ ጣል ያደረግሁበት ብርጭቆ ግን እስከ ማግሥቱ አልረጋም፤ አናናስም ሆነ ፓፓያ ጄላቲንን የሚሰባብር ኢንዛይም አላቸው። የቆርቆሮ አናናስ በሙቀት ስላለፈ ይህ ችግር የለበትም።

የባሕር አረሙ ዱቄት በደንብ መፍላት አለበት፤ ከወረደ በኋላ ግን ያለ ፍሪጅ ይረጋል። ዋዜማውን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ያዳነኝ እሱ ነው። ይሁን እንጂ ተራውን ሲጠብቅ ድስቱ ውስጥ እያለ ስለሚረጋብኝ፣ ድስቱን ሙቅ ውሃ ባለበት ሰፊ ሳህን ውስጥ ማስቀመጥ ነበረብኝ። ነጩን ንብርብር በወተት ፈንታ በኮኮናት ወተት ሠርቼዋለሁ፤ ከጠበቅሁት በላይ ጣፈጠ።

በሁለቱም ላይ ያለኝ ቅሬታ ቀለሙ ነው። በንጥረ ነገር ዝርዝራቸው ውስጥ ኢ102 የሚባል ሰው ሠራሽ ቢጫ ቀለም አለ፤ ይህ ቀለም በአውሮፓ ኅብረት ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የልጆችን ትኩረትና ጠባይ ሊያውክ እንደሚችል የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ከሚጻፍባቸው ስድስት ቀለሞች አንዱ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ቀዩን በቀይ ሥር ጭማቂ፣ ብርቱካንማውን በካሮት ለመሞከር አስቤአለሁ።

የባሕር አረሙ ጄሊ ጠንከር ስለሚልና በአፍ ውስጥ ስለማይቀልጥ፣ ለሦስት ዓመቷ የእኅቴ ልጅ በሹካ አድቅቄ ነው የሰጠኋት፤ የተደረደሩት ቀለሞች በመጥፋታቸው አኩርፋ ነበር።