ሜሪላንድ ውስጥ ልጄ የገባበት አዳሪ ማዕከል

ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለበት፣ አይናገርም፤ ሲከፋው እጁን ይነክሳል። እዚህ ከገባ ወዲህ መናከሱ በጣም ቀንሷል። ሠራተኞቹ አይቆጡትም። ከመናከሱ በፊት ምን እንደነበረ ይመዘግባሉ፤ ጫጫታ ይሁን፣ ረሃብ ይሁን። ከዚያ በሥዕል ካርድ እረፍት መጠየቅ አስተማሩት። እኔ በልምምጥም በቁጣም ያቃተኝን!

ምግባቸው አይረባም። እንጀራ ይዤ ስሄድ ግን ሽሮውን ሳይቀር ያሞቁለታል። የሚያናድደኝ የማታ ፈረቃው ነው። ሠራተኛው ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል፤ ለእንዲህ ዓይነት ልጅ አዲስ ፊት ከባድ ነው። ስልክም አያነሱም።

የእኛ ሰው “ልጇን ጣለችው” ይላል። ይበል።

ወጪውን የቻለው የትምህርት ዲስትሪክቱ ነው። አይዲኢኤ በሚባለው የአሜሪካ ፌዴራል የአካል ጉዳተኛ ልጆች ትምህርት ሕግ፣ አዳሪ ቦታ ለትምህርቱ የግድ ካስፈለገ ምግብና መኝታው ጭምር ለወላጅ ነፃ ነው። የአይኢፒ (ለልጁ ለብቻው የሚወጣ የትምህርት ዕቅድ) ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።