የኪስ ፒኤች ሜትሬ ከስምንት ወር በኋላ

ይህችን የፒኤች (የፈሳሽ አሲድነት ልክ፤ ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ ቤዝ) መለኪያ የገዛኋት ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ብዬ ነው። ደካማ አሲድን በጠንካራ ቤዝ ቲትሬት ስናደርግ (ቤዙን ቀስ በቀስ እየጨመርን አሲዱን ስንጨርስ) ፒኤቹን ወረቀት ላይ አሳምረው ያሰሉታል፤ ቁጥሩን ግን አያምኑትም። «አሲዱ ካለቀ ለምን 7 አይሆንም?» ይሉኛል በየዓመቱ።

25 ሚሊ ሊትር የ0.1 ሞላር (በሊትር 0.1 ሞል) አሴቲክ አሲድ ቢከር ውስጥ አድርገን፣ ከቡሬቱ 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እናንጠባጥባለን። ስሌቱ መነሻው ላይ 2.88 ይላል፣ እሷም 2.9 አነበበች። 12.5 ሚሊ ሊትር ሲገባ ግማሹ አሲድ አሲቴት (አሲዱ ፕሮቶኑን ሲሰጥ የሚቀረው) ሆኗል፤ ሁለቱ እኩል ስለሆኑ በቀመሩ ውስጥ ያለው የጥምርታቸው ሎጋሪዝም ዜሮ ይሆንና ፒኤቹ ራሱ ፒኬኤው (የአሲዱን ጥንካሬ የሚገልጸው ቁጥር) ነው፣ 4.76። ስክሪኑ ላይ 4.8 ሲመጣ ልጆቹ ደብተራቸውን መልሰው አዩ። ለዚህች ደቂቃ ብቻ እንኳ ገንዘቤን አልቆጭም።

25 ሚሊ ሊትር ላይ ነገሩ ይከብዳል። አሲዱ አልቋል፣ የቀረው አሲቴት ነው፣ እሱም ከውሃ ፕሮቶን እየወሰደ ሃይድሮክሳይድ ይተዋል። ስለዚህ 8.7 ገደማ። ፈሳሹ 50 ሚሊ ሊትር መድረሱን ረስቶ 0.05 በማስገባት ፈንታ 0.1 ሞላር ያስገባ ልጅ 8.9 ያገኛል። ታዲያ ማን ልክ እንደሆነ ሜትሯ ትፍረድ? አትችልም። እዚያ ቦታ ላይ አንዲት ጠብታ ከ8.7 ወደ 10 ታዘልላለች፣ ስለዚህ ክርክሩን በወረቀት ነው የምንጨርሰው። ፌኖልፍታሊንን (ከ8 በላይ ሮዝ የሚሆነውን ጠቋሚ ቀለም) ለምን እንደምንመርጥ ግን ከዚህ ዝላይ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ችግሮቿስ? አብረዋት የመጡት ባፈሮች (ሜትሯን የምናስተካክልባቸው ፒኤቻቸው የታወቀ ፈሳሾች) 4.01 እና 6.86 ብቻ ናቸው። ቲትሬሽኑ ደግሞ ከ8 በላይ ይወጣል፤ 9.18 ለብቻው ገዝቼ ካሊብሬት ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ ነው የላይኛውን ንባብ ያመንኩት። ሦስተኛው ወር ላይ ቁጥሩ ለመርጋት ደቂቃዎች ይወስድባት ጀመር፣ ምክንያቱም ኤሌክትሮዱን (ፈሳሹ ውስጥ የሚገባውን የመለኪያ ጫፍ) በዲስቲልድ ውሃ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። 3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ አሳድሬው አገገመ፣ ግን እንደ አዲስነቱ አልሆነም።

አሁን ሁለተኛ ልገዛ ነው። የዚችኛዋ ኤሌክትሮድ አይፈታም፣ ስለዚህ የሚቀየር ያለውን እየፈለግኩ ነው።