በብዛት ለሚጠቀለል ኤግ ሮል የትኛው ቂጣ ይሻላል? የቲ ዋይ ጄ ስፕሪንግ ሮል ቂጣ ግምገማ

ለክርስትና፣ ለልደት ወይም ለምርቃት 100 እና 200 ኤግ ሮል (ሥጋና ጎመን በሊጥ ቂጣ ተጠቅልሎ በዘይት የሚጠበስ ምግብ) ቀድሞ ጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ለሚፈልግ ሰው፣ ከሥጋውና ከቅመሙ ይልቅ ውጤቱን የሚወስነው ቂጣው ነው። አሜሪካ ውስጥ ሁለት ዓይነት ይሸጣል። አንዱ በተራው ሱፐርማርኬት ፍሪጅ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ከቶፉ (የአኩሪ አተር አይብ) አጠገብ የሚቀመጠው፣ አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል የሚገባበት ወፍራም የኤግ ሮል ቂጣ ነው። ሌላው በእስያ ሸቀጥ መደብሮች ፍሪዘር ውስጥ የሚገኘው ስስ የስፕሪንግ ሮል ቂጣ ነው። ከስሶቹ መካከል በብዙ መደብር የሚገኘው የሲንጋፖሩ ቲ ይህ ጂያ ኩባንያ ምርት፣ ቲ ዋይ ጄ የሚል ጽሑፍ ያለበት ነው። የሐበሻ ሳምቡሳ ጠቅላዮችም የሚያውቁት ነው። ዛሬ ጠቅልሎ ዛሬ ለሚጠብስ ሁለቱም ይሆናሉ፤ ለፍሪዘር ግን ስሱ በግልጽ ይበልጣል።

ምክንያቱ አሠራሩ ላይ ነው። ወፍራሙ ቂጣ ጥሬ ሊጥ ሲሆን እንዳይጣበቅ ስታርች ይነሰነስበታል። ከውስጡ የሚወጣውን እርጥበት ስለሚጠጣ ፍሪዘር ውስጥ ከጎረቤቱ ጋር ይጣበቃል፣ ማዕዘኑም ይሰነጠቃል። ስሱ ግን ፋብሪካው ውስጥ በጋለ ብረት ላይ የበሰለ ነው። ስለዚህ እርጥበትን የተሻለ ይቋቋማል፣ ከተጠበሰ በኋላም ኩርምሽምሽታው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። አሜሪካ ውስጥ ባሉ የቻይና ምግብ ቤቶች የሚቀርበውን፣ ላዩ አረፋ አረፋ ያለውንና የሚታኘከውን ኤግ ሮል የሚፈልግ ሰው ግን ከወፍራሙ ውጪ አያገኘውም። ስሱ ያንን መልክ ጨርሶ አይሰጥም።

መጠኑን አይቶ መግዛት ያስፈልጋል። ለኤግ ሮል የሚመቸው 215 ሚሊ ሜትር፣ 550 ግራም፣ 40 ቂጣ የሚለው ነው። 190 ሚሊ ሜትሩ ለትናንሽ መክሰስ ጥሩ ነው፤ 250ው ብዙ ሥጋ ስለሚይዝ መሀሉ ቶሎ አይሞቅም። የ215ቱን አንድ ቂጣ በ3 ቁራጭ ከቆረጡት ለሳምቡሳ ልክ የሚሆን 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጥብጣብ ይወጣል፤ ከአንድ እሽግ 120 ሳምቡሳ ማለት ነው። የገባበት የስንዴ ዱቄት፣ ውሃ፣ የኮኮናት ዘይትና ጨው ብቻ ስለሆነ በጾም የምስር ሳምቡሳ ለሚሠራም ይሆናል። ወፍራሙ አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል ስላለበት ለጾም አይሆንም።

መደብር ውስጥ እሽጉን ከላይም ከታችም እዩት። ውስጡ የበረዶ ብናኝ ከታየ ወይም እሽጉ ከተጣመመ አንድ ጊዜ ቀልጦ እንደገና ቀዝቅዟል። እንዲህ ያለው ሲላቀቅ ይቀደዳል፣ ጠርዙም ነጭና ደረቅ ይሆናል። ጥሩው እሽግ ጠፍጣፋና ዙሪያው እኩል ነው። ሳይከፈት ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት፤ ከቸኮላችሁ ውጪ 1 ሰዓት ይበቃዋል። በማይክሮዌቭ ማቅለጥ ግን ጠርዙን ያበስለውና እርስ በርሱ ያጣብቀዋል። ከቀለጠ በኋላ አንድ በአንድ አላቁና ውሃው በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ፎጣ ሸፍኑት። 40ውን ማላቀቅ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ የዚህ ቂጣ ትልቁ ድካምም ይኸው ነው። ጥቅለላው መሀል ላይ እያቆሙ ከማላቀቅ ግን ሁሉን አስቀድሞ መጨረስ ይሻላል።

ብዙ ሰው ቂጣው ፈነዳ ብሎ የሚያማርረው ውስጡ ውሃ ስለቋጠረ ነው። የጥቅል ጎመን አብዛኛው ክፍል ውሃ ነው፤ ያ ውሃ ጥሬውን ከተጠቀለለ ዘይት ውስጥ እንፋሎት ሆኖ ቂጣውን ይቀደዋል። ለ40 ኤግ ሮል 1 ኪሎ የተፈጨ የዶሮ ወይም የበሬ ሥጋ፣ 1.2 ኪሎ ደቆ የተከተፈ ጥቅል ጎመን፣ 300 ግራም በሞረድ የተፈገፈገ ካሮት፣ 1 ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬና 1 የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት ይበቃል። ሥጋው ቀድሞ ለብቻው ይብሰል፤ ዶሮ ከሆነ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ጎመኑና ካሮቱ በሌላ ሰፊ መጥበሻ፣ በኃይለኛ እሳት፣ ክዳን ሳይደረግ 4 ደቂቃ ይቁላሉ። ክዳን እንፋሎቱን ስለሚመልስ ጎመኑ ይቀቀላል። ከዚያ ሁሉንም ቀላቅላችሁ ወንፊት ላይ 30 ደቂቃ አንጠፍጥፉ፣ በጭልፋም ጫን ጫን አድርጉት። ካሮት በትልልቁ ከተቆረጠ ስሱን ቂጣ ይወጋዋል።

ውስጡ ትኩስ ሆኖ አይጠቀለልም፤ እንፋሎቱ ቂጣውን ከውስጥ ያረጥበዋል። በሰፊ ትሪ ላይ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉትና ፍሪጅ አስገቡት። በድስት ተከምሮ ከቆየ መሀሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቀራል፣ ባክቴሪያ የሚራባውም እዚያ ነው። የአሜሪካ የምግብ ቤቶች ደንብ የበሰለ ምግብ በ2 ሰዓት ውስጥ ወደ 21 ዲግሪ፣ በቀጣዩ 4 ሰዓት ደግሞ ወደ 5 ዲግሪ እንዲወርድ ያዛል። ቤት ውስጥም ይህን መጠበቅ ተገቢ ነው፣ በተለይ ለእንግዳ ለሚቀርብ።

ሲጠቀለል የቂጣው ለስላሳ ገጽ ወደ ውጪ ይሁን። አንዱን ማዕዘን ወደ እናንተ አድርጋችሁ 45 ግራም፣ ማለትም 3 የሾርባ ማንኪያ ያህል አኑሩበት። አንዴ አጥብቃችሁ አጥፉ፣ ሁለቱን ጎን ወደ ውስጥ አስገቡ፣ ከዚያ ጠቅልሉ። አየር ከታፈነበት ዘይት ውስጥ ይነፋል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ደግሞ ውስጡ ሲሞቅ ጎኑን ይቀደዋል። ለማጣበቂያ 2 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በ3 ማንኪያ ውሃ አቡክቱ። ውሃ ብቻውን ለወፍራሙ ቂጣ ይበቃል፣ ለዚህኛው ግን አይይዝም።

ፍሪዘር ውስጥ መጀመሪያ ትሪ ላይ፣ በመጋገሪያ ወረቀት ላይ፣ ሳይነካኩ ይደርደሩ። ከ3 እስከ 4 ሰዓት ደርቀው ድንጋይ ሲሆኑ ዚፕ ባለው ፌስታል አየሩን አስወጥታችሁ ክተቷቸው፣ ቀኑንም ጻፉበት። ገና ለስላሳ ሆነው ፌስታል ከገቡ አንድ ክምር ሆነው ይቀራሉ። በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች እስከ 2 ወር ጣዕማቸው ደህና ነው። ከዚያ በኋላ ባይበላሹም ጠርዛቸው እየደረቀ ይሄዳል።

ከመጠበሳቸው በፊት አይቅለጡ። ሲቀልጡ ላያቸው ላይ ያለው በረዶ ውሃ ሆኖ ቂጣውን ያላላዋል፣ ዘይቱንም ያፈናጥራል። ዘይቱን እስከ 175 ዲግሪ፣ በፋራናይት 350፣ አሙቁትና በ2 ሊትር ዘይት ከ5 በላይ አታስገቡ፤ ከበዙ ሙቀቱ ይወርድና ዘይት ይጠጣሉ። ከ6 እስከ 7 ደቂቃ ይወስዳሉ። ቂጣው እንቁላል ስለሌለበት ቀስ ብሎ ነው የሚቀላው፣ ስለዚህ ቶሎ እንዲቀላ ብላችሁ እሳቱን አትጨምሩ፤ መሀሉ በረዶ እንደሆነ ላዩ ያርራል። ጥሬ ሥጋ ጠቅልሎ ማቀዝቀዝ የማይመከረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዝግጅቱ አዳራሽ ከሆነና እዚያ መጥበሻ ከሌለ ግን ሌላ መንገድ አለ፦ ከመቀዝቀዛቸው በፊት በ165 ዲግሪ 3 ደቂቃ ብቻ፣ ገና ነጣ እንዳሉ ጠብሱ፣ በሽቦ መደርደሪያ ላይ አቀዝቅዙና ፍሪዘር አስገቡ። በቀኑ ኦቨን በ200 ዲግሪ ከ15 እስከ 18 ደቂቃ፣ ወይም ኤር ፍራየር (በሞቃት አየር የሚያበስል ዕቃ) በ190 ዲግሪ 10 ደቂቃ ይበቃቸዋል። ስሱ ቂጣ ይህን ሁለተኛ ሙቀት በደንብ ይችለዋል፤ ወፍራሙ ግን ይደርቅና ለመንከስ ያስቸግራል። ትኩሱን በአልሙኒየም ፎይል ጥብቅ አድርጎ መሸፈን ኩርምሽምሽታውን በ10 ደቂቃ ያጠፋዋል፣ ስለዚህ ትሪው ወደ አዳራሹ ሲሄድ ጎኑ ክፍት ይሁን። የተረፈ ቂጣ ካለ በፕላስቲክ አጥብቃችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡና በ2 ቀን ውስጥ ጠቅልላችሁ ጨርሱት።